ዘመድ የሌለው አጥንት

የሰው ልጅ ሁለት መቶ ስድስት አጥንት እንዳለው ታውቃላችሁ? እኔ አላውቅም ነበር። ባላውቅም አርባ ሦስት ዓመት ሙሉ በሰላም ቆሜ ሄጃለሁ። ተቀምጫለሁ፣ ተነስቻለሁ፣ በጅግጅጋ ባጃጅ እየተንገጫገጭኩ ሥራ ገብቻለሁ። አንድም አጥንት «ስሜን ጥራ» ብሎኝ አያውቅም። መከራዬ የጀመረው ስማቸውን ልጥራ ብዬ የተነሳሁ ዕለት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ የካርድ ክፍል ሠራተኛ ነኝ። አሥራ ስድስት ዓመት በአንዲት ትንሽ መስኮት አጮልቄ «ስም? የአባት ስም? የአያት ስም?» እያልኩ ስጽፍ ኖሬያለሁ። አንድ ቀን ሥራ አስኪያጃችን ጠሩኝና ካርድ ክፍሉን ኮምፒውተር ሊረከበው መሆኑን ነገሩኝ። ጤና ኮሌጅ ገብቼ የቅዳሜና እሁዱን ትምህርት ከጨረስኩ ቁስል የሚታሸግበት ክፍል ሊያስገቡኝ ቃል ገቡ። «ካልጨረስኩስ?» አልኳቸው። «ካልጨረስክማ...» አሉና በመስኮት ወደ ዋናው መንገድ ተመለከቱ።

ያ መንገድ በባቢሌ አድርጎ ወደ ሐረር የሚወጣው ነው። በእሱ ነው ከናዝሬት የመጣሁት። ናዝሬት አሁን የሚጠብቀኝ ሰው የለም። እናትና አባቴ አልፈዋል፣ የተወለድኩበት ቤት የሌላ ሰው ነው፣ ሚስትም አላገባሁም። (ለምን አላገባህም የምትሉኝ አላችሁ፤ እሱ ራሱን የቻለ ወግ ነው፣ ተዉኝ።) ያለችኝ አንዲት ክፍል ናት፤ እሷም የአከራዬ የኤዶ ኸድራ ግቢ ውስጥ። ሥራዬን ካጣሁ እሷንም አጣለሁ ማለት ነው። ስለዚህ ተመዘገብኩ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ክፍል ስገባ ተማሪው በሙሉ ከመቀመጫው ተነሳልኝ። መምህር መስዬአቸው ነው። እኔም እንደ ሰው አፍሬ ወደ ኋላ እንደመሄድ «ተቀመጡ፣ ተቀመጡ» አልኳቸው። እውነተኛው መምህር፣ መምህር ጉሌድ፣ ሲገባ የእኔን ግማሽ ዕድሜ የያዘ፣ የጅግጅጋ ልጅ፣ ቀጭን ወጣት ሆኖ ተገኘ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እሱ «ጋሼ» ይለኛል፣ እኔ «መምህር» እለዋለሁ፣ ሁለታችንም አንቱ ስንባባል ትምህርቱ ሳይጀመር ሰዓቱ ያልፋል።

ሌላውን ትምህርት እንደምንም አለፍኩ። አጥንቱ ላይ ግን ተሰናከልኩ። ፈተናው የቃል ነው። መምህሩ ከፕላስቲክ የተሠራውን የሰው አጽም አቁሞ ሃያ አጥንት በጣቱ ይነካል፤ አሥራ አምስቱን በስማቸው መጥራት አለባችሁ። መጀመሪያ ስፈተን ሦስት መለስኩ። ሁለት ወር ሌት ተቀን አጠናሁና ሁለተኛ ስፈተን ሁለት መለስኩ። አንዷን በጥናት ብዛት ነው ያጣኋት። ሦስተኛው የመጨረሻ ነው፤ እሱን የወደቀ ከኮሌጁ ይሰናበታል።

ያልሞከርኩት ዘዴ የለም። ስማቸውን በፕላስተር ላይ ጽፌ ሰውነቴ ላይ ለጠፍኩ። ያቃጥለኝ ነበር፣ ቻልኩት። እሁድ ከሰዓት እንደዚያው ሆኜ ዳቦ ልገዛ ብወጣ ባለሱቁ አገጬ ላይ «ማንዲብል» የሚለውን፣ ግንባሬ ላይ «ፍሮንታል» የሚለውን አይቶ «ምን መታህ ወንድሜ?» ብሎ ወንበር አወጣልኝ። ትምህርት ነው ብለው ማን ይመነኝ! ፕላስተሩን ስልጠው ደግሞ ከቅንድቤ ግማሹን ይዞ ሄደ። ስሙ ግን ጭንቅላቴ ውስጥ አልቀረም።

እንዲህ አንድ ቅንድብ ሆኜ በር ላይ ቁጭ ብዬ ሳለቃቅስ ነው ኤዶ ኸድራ የደረሱብኝ።

ኤዶ በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው፤ ሰፈሩ በሙሉ እንዲያ ነው የሚጠራቸው። የግመል ወተት ነጋዴ ናቸው። ጠዋት ጠዋት ከሀርሺን በሚኒባስ የሚመጣላቸውን ወተት ተቀብለው፣ አሽትተው፣ ቀምሰው፣ የሾፌሩን ዘር ማንዘር ጠይቀው ገበያ ይወርዳሉ። እኔን ሲጠሩኝ «ዋሪያ!» ነው የሚሉኝ፤ አንተ ሰውዬ እንደማለት ነው። በአሥራ ስድስት ዓመት ውስጥ በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም።

«ዋሪያ! ምን ሆነህ ነው? ሰው ሞተብህ?»

«አጥንት ነው ኤዶ። የሁለት መቶ ስድስት አጥንት ስም አልያዝ አለኝ።»

ሳቁብኝ። ጀሪካናቸውን አስቀምጠው፣ ወገባቸውን ይዘው ነው የሳቁብኝ። ከዚያ የሰባት ዓመቷን የልጅ ልጃቸውን ሆዳንን ጠሩና «አብቲርሲሽን በይለት» አሏት። አብቲርሲ ሶማሌ ልጅ ከራሱ ስም ጀምሮ በአባቱ፣ በአያቱ፣ በቅድመ አያቱ እያለ ወደ ላይ የሚወጣበት የዘር ቆጠራ ነው። ልጅቱ እጇን ወደ ኋላ አድርጋ፣ እንደ ዜማ እየሳበች፣ ሃያ አራት አያት በአንድ ትንፋሽ ዘረገፈችልኝ። ጨርሳ የፊት ጥርስ በሌለው አፏ ሳቀች።

«አሁን አንተ በል» አሉኝ ኤዶ።

«እኔ ምን ልበል?»

«የራስህን ነዋ! የማን ልጅ ነህ?»

ስሜን አልኩ። የአባቴን አልኩ። የአያቴን አልኩ። ከዚያ በላይ አላውቅም። ምን ላድርግ፣ ካርድ ላይ ያለው መስመር ሦስት ነው፤ ለእኔም እስከዚያ ቀን በቅቶኝ ነበር።

ኤዶ መሳቃቸውን አቆሙ። «ሦስት ሰው ብቻ ይዘህ ነው እዚህ ድረስ የመጣኸው?» አሉኝ። ያዘኑልኝ መሰለኝ። ወዲያው ግን ፍራሽ አስወጥተው ተቀመጡና «ና፣ አጥንቶችህን አምጣቸው። ማን የማን ልጅ እንደሆነ ንገረኝ» አሉ።

ትምህርታችን እንዲህ ተጀመረ። አብቲርሲ ከታናሽ ነው የሚጀምረውና እኛም ከእግሬ አውራ ጣት ጫፍ ጀመርን። ጫፉ የፋላንክስ ልጅ፣ ፋላንክስ የሜታታርሳል ልጅ፣ ሜታታርሳል የኩኔይፎርም፣ ኩኔይፎርም የናቪኩላር፣ ናቪኩላር የታለስ፣ ታለስ የቲቢያ፣ ቲቢያ የፌመር፣ እያልን በዳሌ አድርገን፣ አከርካሪን አንድ በአንድ ወጥተን፣ የሁሉም አባት ግንባር ላይ ደረስን። ክንድና እጅ የአጎት ልጆች ሆኑ። ኤዶ ያን የሆዳንን ዜማ ሰጡኝ፤ በዜማው ስለው አልረሳም። በሳምንቱ ስልሳ አጥንት ያዝኩ። ማመን አቃተኝ፤ መንገድ ላይ ለማላውቀው ሰው ሁሉ ሰላምታ እሰጥ ጀመር።

ክርክርም ነበረብን። ከጎድን አጥንቶች የታችኞቹን አምስት ጥንድ መጽሐፉ «የውሸት ጎድን» ይላቸዋል፤ እንደ ላይኞቹ ቀጥ ብለው ደረት አይደርሱማ። ኤዶ ተቆጡ። «የሰው ልጅ ውሸት ነው አይባልም! ነውር ነው! መጽሐፉን ማን ነው የጻፈው?» አሉ። መጨረሻ ላይ ምንም ሳይነኩ የሚቀሩት ሁለቱ ደግሞ ከብት ይዘው ሩቅ የሄዱ ናቸው ተባለ፤ ዝናብ ሲጥል ይመለሳሉ። እንዲህ ተስማማን።

አንዱ ብቻ አስቸገረን። አንገት ውስጥ፣ ምላስ ሥር የሚኖር፣ ሃዮይድ የሚባል ትንሽ አጥንት አለ። ከሌላ ከማንም አጥንት ጋር አይጋጠምም።

«አባቱ ማነው?» አሉኝ።

«የለውም።»

«ልጅስ?»

«የለውም።»

«ወላሂ፣ አባትም ልጅም የሌለው አብቲርሲ ውስጥ አይገባም። ተወው።»

እኔም ደስ አለኝ፣ ተውኩት። የሚጠና አንድ ቀነሰልኝ።

ሰው ግን ከልኩ ሲያልፍ እንደ እኔ ነው የሚሆነው። ዜማው ከአፌ አልወርድ አለ። ካርድ ክፍል ተቀምጬም ውስጥ ውስጡን «ታለስ፣ ቲቢያ፣ ፌመር» እላለሁ። አንድ ቀን ከቶጎጫሌ የመጣ ጨርቅ ነጋዴ ጉንጩን ይዞ መስኮቴ ጋ ቆመ።

«ስም?»

«አህመድ።»

«የአባት?»

«ኑር።»

የአያቱን ስም ነገረኝ፤ እጄ ግን አፌ ላይ ያለውን ጻፈ። ነርሷ ወጥታ «አህመድ ኑር ፌመር!» ብላ ብትጣራ የሚነሳ ጠፋ። ሦስተኛ ስትጠራ ሰውዬው ሌላ አህመድ ኑር እንደሌለ አይቶ ገባ። ዶክተሩ ካርዱ ላይ ፌመር የሚል ሲያይ የጭን አጥንቱን ያመመው መስሎት አልጋ ላይ አስተኛው። ጭኑን ጫን ጫን እያደረገ «እዚህ ጋ ነው? እዚህ ጋስ?» ይለዋል፤ ሰውዬው ጉንጩን እንደያዘ «ጥርሴን ነው ዶክተር! ጥርሴን!» እያለ ይጮኻል። ሥራ አስኪያጁ ጠርተው ምን እንዳሉኝ አልነግራችሁም። ካርዱን ግን ዛሬም መሳቢያዬ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ።

ይሄስ ባልከፋ። የባሰው ግቢያችን ውስጥ ደረሰ። የእኔን ክፍልና የኤዶን ቤት የሚለየው ቀጭን ቆርቆሮ ነው። ጠዋት ጠዋት እኔ ወዲህ አጥንቴን፣ ሆዳን ወዲያ አያቶቿን፣ በአንድ ዜማ፣ በአንድ ሰዓት እንላለን። ክፋት አላሰብኩበትም። ፈተናው አራት ቀን ሲቀረው ከሀርሺን ሦስት ሽማግሌዎች ለቤተሰብ ጉዳይ መጡ። ወተት ቀረበ፣ ሻይ ቀረበ፣ እኔም እንደ ጎረቤት ተጠርቼ ጥግ ላይ ተቀመጥኩ። ትልቁ ሽማግሌ፣ ጺማቸውን ሂና የተቀቡት፣ ሆዳንን አስጠሩና «የማን ልጅ ነሽ?» አሏት፤ ወግ ነው፣ ልጅ እንዲህ ይጠየቃል።

ሆዳን ጀመረች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ እንደ ውኃ ይወርዳል። ኤዶ በኩራት አንገታቸውን ቀና አደረጉ። አሥራ አንደኛው አያት ላይ ስትደርስ፣ ያው ዜማ እንደሆነ፣ ምላሷ ታጠፈና «ናቪኩላር፣ ታለስ፣ ቲቢያ» አለች።

እኔ ከፍራሹ ሥር የምገባበት ቀዳዳ ፈለግሁ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ተያዩ። ሂና የተቀቡት ግን የማያውቁት አያት አለ እንዲባልባቸው አልፈለጉም መሰለኝ፣ ጺማቸውን ዳበሱና «ታለስ... አዎ፣ ታለስን አውቀዋለሁ። ያ ብርካ ያስቆፈረው አይደለም?» አሉ። ብርካ እዚያ አገር የዝናብ ውኃ የሚጠራቀምበት ጉድጓድ ነው፤ ያስቆፈረ ሰው ስሙ አይጠፋም። ሌላኛው «እሱ ነው፣ ግመሉም ብዙ ነበር» አሉ። ያ ቁርጭምጭሚቴ ውስጥ ያለ አጥንት ነው ብዬ መናገር አልቻልኩም።

ሽማግሌዎቹ ሲወጡ ኤዶ መጡብኝ። «አያቶቼን አበላሸህብኝ! ዋሪያ! የሃያ አራት ሰው ስም ሳይበላሽ ከስንት ድርቅና ከስንት ጦርነት አልፎ እዚህ ደርሶ፣ አንተ በቁርጭምጭሚት ታቆሽሸው?» አሉ። እውነታቸውን ነው። አንገቴን ደፋሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግቢው ውስጥ አንድም አጥንት እንዳይጠራ ተከለከለ። እኔንም አላናገሩኝም። አራት ቀን ሙሉ «ዋሪያ» የሚለኝ ሰው አጣሁ። እንዲህ ይከፋኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ከኮሌጁ ብባረር ቀርቶ ባልባረርም፣ ያ ግቢ እንደዚያ ዝም ካለኝ ጅግጅጋ ምን አለኝ? ጥናቴን ባጃጅ ውስጥ በሹክሹክታ ቀጠልኩ፤ አንዱ ሾፌር ወርደህ በእግርህ ሂድ አለኝ።

የፈተናው ቀን ጠዋት ከበሬ ስወጣ ኤዶ ጀሪካናቸው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«ዋሪያ!» አሉ። ልቤ ረጋልኝ። «ያ ዘመድ የሌለው ምን ሆነ?»

«የቱ ኤዶ?»

«ምላስ ሥር ያለው።»

«ተወው ብለውኝ ተውኩት እኮ።»

«አሰብኩበት። ጥፋቱ የእኔ ነው። እሱ እንግዳ ነው። እንግዳ አብቲርሲ ውስጥ አይቆጠርም። ግን እንግዳ ስሙ ሳይጠየቅ ሰው ቤት አያድርም። ስሙን ጠይቀው» አሉና አንድ ኩባያ ወተት ሰጡኝ። ባጃጁ ስለሚያመልጠኝ በቁሜ ጨልጬ ሮጥኩ። ስሙን አልጠየቅሁትም።

መምህር ጉሌድ አጽሙን አቁሞ ጠበቀኝ። ጣቱን አንስቶ በመጀመሪያ የነካው ምንድነው? ግንባር! የሁሉም አባት! ከአውራ ጣት ጀምሬ ካልመጣሁ ግንባር ላይ አልደርስም፤ መሀል ላይ መግባት አልተማርኩም። ዓይኔን ጨፈንኩና ከእግር ጀመርኩ።

ትንሽ ጠበቀኝና «ጋሼ፣ ጸሎት ላይ ነዎት እንዴ?» አለኝ።

«አይ መምህር፣ ዳሌ ላይ ነኝ። እየመጣሁ ነው።»

ደረስኩ። «ፍሮንታል!» አልኩ። ቀጥሎ አገጭ ነካ። እንደገና ከአውራ ጣት ተነሳሁ። ወረፋ የሚጠብቁት ተማሪዎች በመስኮት እያዩ ይስቃሉ። ጎድን ሲነካ እንደገና፣ ትከሻ ሲነካ እንደገና። ላቤ ጠብ ጠብ ይላል። አምስተኛው ላይ የመምህሩ ጣት ጠረጴዛውን በዜማዬ ልክ ሲመታ ሰማሁት።

«ይሄን ማን ነው ያስተማረዎት?»

«ኤዶ ኸድራ። ወተት ነጋዴዋ።»

ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። «እኔንም አያቴ እንዲህ ነው ያስተማረኝ» አለና ተማሪዎቹን ምሳ በልታችሁ ተመለሱ ብሎ አሰናበተልኝ። ነጥብ ግን አልጨመረልኝም። ጆሮ ውስጥ ያሉትን ሳትኩ። የእጅ አንጓ ላይ ሁለት ወንድማማቾችን አቀያየርኩ። አሥራ ዘጠኝ ጠይቆኝ አሥራ አራት መለስኩ። አንድ ጥያቄ ቀረ። እሱን ከመለስኩ አለፍኩ፣ ከሳትኩ የባቢሌ መንገድ።

«የመጨረሻውን በጣቴ አልነካልዎትም» አለ መምህሩ። «ይሄ አጽም ከመጣ ጀምሮ እሷ አጥንት የለችውም። ከማንም አጥንት ጋር የማትጋጠመው ማን ትባላለች?»

ከአውራ ጣት ተነሳሁ። ግንባር ደረስኩ። የለም። በክንድ በኩል ዞሬ መጣሁ። የለም። እንዴት ይኖራል! እኔና ኤዶ አላስገባነውም። አፌ ደረቀና ምራቄን ዋጥኩ። ስውጥ ጉሮሮዬ ውስጥ የሆነ ነገር ከፍ ብሎ ወረደ። ያን ጊዜ የጠዋቱ የኤዶ ድምፅ መጣልኝ።

«እንግዳው!» ብዬ ጮኽኩ። መምህሩ ደነገጠ። «ምላስ ሥር የሚኖረው! አባት የለው፣ ልጅ የለው፣ ግን ምላስን ተሸክሞ የሚውለው! ሃዮይድ!»

መምህር ጉሌድ እስክሪብቶውን አነሳና «አሥራ አምስት» ብሎ ጻፈ።

እየሮጥኩ ገበያ ወረድኩ። «ኤዶ፣ አለፍኩ! አሥራ አምስት አገኘሁ!»

«ከስንት?»

«ከሃያ።»

«አምስቱንስ ምን አድርገሃቸው ነው? ሆዳን አንድም አትስትም» አሉና ወተታቸውን መቅዳት ቀጠሉ። ፊታቸው ግን እየሳቀ ነበር።

በሳምንቱ እነዚያ ሽማግሌዎች ጉዳያቸውን ለመጨረስ ተመልሰው መጡ። ተጠራሁ፤ ፈርቼ አልሄድኩም። ክፍሌ ውስጥ ሆኜ ቆርቆሮው ላይ ጆሮዬን ጣልኩ። ጺማቸውን ሂና የተቀቡት «ሆዳን፣ የማን ልጅ ነሽ?» ሲሉ ሰማሁ። ጀመረች። አሥራ አንደኛው ላይ ትንፋሼን ያዝኩ። አለፈችው። አንድም አጥንት ሳትቀላቅል ሃያ አራቱንም ጨረሰች። እፎይ ብዬ ልነሳ ስል የኤዶ ድምፅ መጣ።

«የእንግዳችንንስ?»

ሆዳን በዚያው ዜማ የእኔን ስም ጠራች። ቀጥሎ የአባቴን፣ ቀጥሎ የአያቴን። ሦስት ብቻ ነው፣ ቶሎ አለቀ።

ከዚያ ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉና «አያቱን አውቀዋለሁ። ደግ ሰው ነበር» አሉ።

አያቴ ዕድሜውን ሙሉ ናዝሬት ኖሮ ናዝሬት ነው የሞተው፤ ሀርሺን የምትባል አገር መኖሯንም የሰማ አይመስለኝም። ለመሳቅ አፌን ከፈትኩ። ሳቁ ግን አልመጣ አለኝ። እንባ ነው የመጣው። ምራቄን ልውጥ ስል ያ ዘመድ የሌለው አጥንት ጉሮሮዬ ላይ ቆሞ አላሳልፍ አለኝ።